ባሩን በእግር መሃል አድርጎ ማንሳት፦ የአንድ ሠልጣኝ የ10 ሳምንት የጄፈርሰን ዴድሊፍት ጉዳይ

ሠልጣኙ 38 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 1.74 ሜትር፣ ክብደቱ 82 ኪሎ። ብረት ማንሳት ከጀመረ 6 ዓመት አልፎታል። በተለመደው ዴድሊፍት፣ ማለትም ባሩን (ክብደት የሚጫንበትን ረጅም የብረት ዘንግ) ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ በመቆም፣ እስከዚያ ድረስ ያነሳው ትልቁ ክብደት 165 ኪሎ ሲሆን፣ 140 ኪሎ ደግሞ 5 ጊዜ ያነሳል። ያነሳል ይባል እንጂ ከ3ኛው ድግግሞሽ በኋላ አነሳሱ ይበላሻል፤ ዳሌው ከትከሻው ቀድሞ ይነሳል፣ ባሩ ከቅልጥሙ ይርቃል፣ ወገቡ ይጎብጣል። በማግስቱ ጠዋት ካልሲ ለማጥለቅ ጎንበስ ሲል ወገቡ እንደ ጣውላ ይደርቅበታል። ለዚህ ድርቀት ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጥ ሲባል 5 ሰጠው። ድርቀቱ እስከ ምሽት ይለቀዋል፤ በሚቀጥለው ከባድ ቀን ግን ተመልሶ ይመጣል። ለ8 ወር ያህል የሚያነሳው ክብደትም አልጨመረም፣ ወገቡም አላረፈም።

ሌላ ነገር ከመሞከሩ በፊት ሐኪም አይቶታል። ወደ እግር የሚወርድ ህመም፣ ድንዛዜ፣ የእግር መስነፍ ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር አልነበረበትም። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሰው ጉዳዩ የሕክምና ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አይመለከተውም።

ችግሩ ከሰውነት አወቃቀሩ ጋር ይያያዛል። የጭን አጥንቱ ረጅም፣ ከወገብ በላይ ያለው አካሉ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባሩን ከፊቱ አስቀምጦ ሲያነሳ ዳሌው ወደ ኋላ ይርቃል፣ ደረቱ ወደ መሬት ይተኛል፤ ሸክሙም ከወገቡ ይርቅበታል። መፍትሔ ተብለው የተነሱት ሐሳቦች ጥቂት ነበሩ። እግርን በሰፊው ከፍቶ የሚነሳውን ሱሞ ከዓመት በፊት ሞክሮት የውስጥ ጭኑን ስላመመው ትቶታል። ባለ ስድስት ጎን ባር፣ ማለትም ሰው መሃሉ ገብቶ ከጎንና ከጎን የሚይዘው፣ በሚሠራበት ጂም የለም። ቢኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ወገብ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት እሱ ነውና። ተራ ቀጥ ያለ ባር ብቻ ላለው ሰው ሸክሙን ወደ ሰውነቱ መሃል የሚያቀርብለት አነሳስ ጄፈርሰን ነው።

ጄፈርሰን ዴድሊፍት ባሩን ተሻግሮ፣ አንድ እግር ወዲህ አንድ እግር ወዲያ አድርጎ፣ አንድ እጅ ከፊት አንድ እጅ ከኋላ ይዞ መነሳት ነው። በመስክ ስፖርት ዓለም ሳይሆን በድሮው የጉልበት ትርኢት መድረክ ላይ ያደገ አነሳስ ነው። ሁለት ወንድሞች አሉት። አንደኛው ባሩን ከእግር ኋላ አስቀምጦ የሚነሳው ሀክ ሊፍት ሲሆን ስሙ ብዙ ጊዜ ከድሮው ታጋይና ጉልበተኛ ከጆርጅ ሃከንሽሚት ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው ባሩን በክንድ መታጠፊያ ላይ የሚያሳርፈው ዘርቸር ነው፤ ጉልበተኛው ኤድ ዘርቸር በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በ1930ዎቹ ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ በስሙ ይጠራል። በፓወርሊፍቲንግ፣ ዴድሊፍት አንዱ ክፍሉ በሆነው የክብደት ማንሳት ውድድር፣ ጄፈርሰን አይፈቀድም፤ ደንቡ ባሩ ከተወዳዳሪው እግር ፊት እንዲሆን ያዛል። ስሙ አንድ ሆኖ ሌላ ነገር የሆነ እንቅስቃሴም አለ፦ ጄፈርሰን ከርል የሚባለው፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆሞ አከርካሪን ሆን ብሎ አንድ በአንድ እያጎበጡ በቀላል ክብደት መውረድ ነው። ሁለቱን አምታቶ ወገብን በ80 ኪሎ ማጎበጥ የለየለት ስህተት ነው።

ሸክሙ መቅረቡ ምን ያህል ይጠቅማል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ኪሎ ወደ 981 ኒውተን ይመዝናል። ሸክሙ ከወገብ መገጣጠሚያ በአግድም በ5 ሴንቲሜትር በቀረበ ቁጥር ወገቡ መቋቋም ያለበት የማጠፍ ኃይል በ49 ኒውተን ሜትር ይቀንሳል። በጄፈርሰን ባሩ ከቅልጥም ፊት ሳይሆን ከዳሌ ሥር ስለሚሆን ደረት ቀና ብሎ መነሳት ይቻላል። ጉልበት ደግሞ የበለጠ ይታጠፋል፤ ስለዚህ የፊት ጭንና የውስጥ ጭን ጡንቻ ድርሻቸው ይጨምራል፣ የወገብ ድርሻ ይቀንሳል። ነፃ ስጦታ ግን አይደለም። እግሮቹም እጆቹም አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስላልሆኑ ባሩ ሰውየውን ለማዞር ይሞክራል፤ የጎን ሆድ ጡንቻዎች ሥራ ያንን መከልከል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባር አልተነካም። የተነካው አንድ የመጥረጊያ እንጨትና ሜትር ነው። ይህ አብዛኛው ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው፤ ኋላ የሚቆጨውም እሱ ነው። ጄፈርሰንን ከሌሎች ዴድሊፍቶች የሚለየው ትልቁ ጣጣ ባሩ ሙሉ በሙሉ ሲቆሙ ብሽሽት ጋ መድረሱ ነው። ክንዱ ረጅም የሆነ ሰው ባሩ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠልለታል፤ ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ከመቆሙ በፊት ባሩ ይመታዋል። ሠልጣኙ እንጨቱን በእግሩ መሃል ይዞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሁለቱ ተረከዞች መካከል 40 ሴንቲሜትር፣ በሁለቱ እጆች መካከል 50 ሴንቲሜትር ሲሆን ከእንጨቱ እስከ ብሽሽቱ 4 ሴንቲሜትር ክፍተት ቀረ። ይበቃል። ከ3 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ሰው ሌላ አነሳስ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሠልጣኙ የያዘው አቋቋም ይህ ነው፤ በቀኝ እግር ለሚጀምረው ጎን እናስቀምጠው። ባሩን ከፊትህ አድርገህ መሃሉ ላይ ቁም። ቀኝ እግርህን ባሩን አሻግረህ አሳርፍ፤ ጣቶቹ ከባሩ እየራቁ ወደ ፊት ይመልከቱ። ወዲህ የቀረውን ግራ እግር ወደ ግራ አዙረው፤ ጣቶቹ የባሩን አቅጣጫ ተከትለው ወደ ግራው ጫፍ ይመልከቱ። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ዳሌው እንደ ልብ የማይዞርለት ሰው ወደ 60 ያጥበው። ባሩ ከሁለቱ ተረከዞች እኩል ይራቅ። ቁጭ በል፣ ግራ እጅህ በፊት በኩል ይያዝ፣ ቀኝ እጅህ በኋላ በኩል። አንደኛው መዳፍ ወዲህ፣ ሌላው መዳፍ ወዲያ ይዙር፤ እንዲህ ሲያዝ ባሩ በጣት ውስጥ አይንከባለልም። ሁለቱም ክንዶች ዱላ ይመስል ቀጥ ይበሉ፤ በተለይ መዳፉ ወደ ላይ የዞረው ክንድ ታጥፎ ከጎተተ የክንድ ጡንቻው ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ትንፋሽ ወደ ሆድ ሳብ፣ ሆድህን ሊመቱህ እንደመጡ አጠንክር፣ ከዚያ መሬቱን በሁለቱም እግር እኩል ግፋ። ዳሌና ትከሻ አብረው ይነሱ። ላይ ስትደርስ ቀጥ ብለህ ቁም፤ በተለመደው ዴድሊፍት እንደለመድከው ዳሌህን ወደ ፊት አትወርውር፣ ያ 4 ሴንቲሜትር የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ስትወርድም ቁጭ እያልክ ውረድ፣ ባሩ ሁለቱም ጫፉ አንድ ላይ መሬት ይንካ።

ጎን ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል፦ የሚሻገረው እግር፣ የፊቱ እጅ፣ የመዳፉ አቅጣጫ። እግሩን ቀይሮ እጁን የማይቀይር ሰው አለ፤ እሱ ሁለት ጎን ሠራሁ ይላል እንጂ የሠራው ሁለት የተለያየ እንቅስቃሴ ነው።

ፕሮግራሙ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ሰኞ ጄፈርሰን፦ 4 ዙር በ6 ድግግሞሽ፣ ሁለቱ ዙር በቀኝ እግር ቀድሞ፣ ሁለቱ በግራ፣ በዙር መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍት። ሐሙስ የተለመደው ዴድሊፍት፣ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ብቻ፣ 3 ዙር በ5። ስኳት (ባር ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት) ሰኞ ቀላል፣ ሐሙስ መካከለኛ። ሁልጊዜ የሚጀመረው በደካማው ጎን ነው፤ ጠንካራው ጎን ደካማው ከሠራው አንድ ድግግሞሽም አንድ ኪሎም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህ ደንብ ሠልጣኙን በጣም አስለችቶታል፣ ግን አልተሰበረም።

1ኛው ሳምንት በባዶ ባር፣ በ20 ኪሎ፣ ተጀምሮ 60 ኪሎ ላይ ቆመ። 140 ኪሎ ለሚያነሳ ሰው 60 ኪሎ ቀልድ ይመስላል። ቀልድ አልነበረም፤ በማግስቱ የውስጥ ጭኑ ደረጃ ሲወርድ እስኪያነክስ ድረስ ታመመ። ይህ ጡንቻ ለአዲስ ሥራ ቶሎ አይለምድም፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ለሳምንታት ያስቀምጣል። 2ኛው ሳምንት 70 ኪሎ ሆነ፣ ሕመሙ በግማሽ ቀነሰ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ችግር በ3ኛው ሳምንት በ80 ኪሎ መጣ። 3ኛው ድግግሞሽ ላይ ባሩ ብሽሽቱን መታው። ጠንከር ያለ አልነበረም፣ ግን ዙሩ እዚያው አበቃ። በመጀመሪያው ቀን 4 ሴንቲሜትር የነበረው ክፍተት የት ሄደ? ቪዲዮው ሲታይ ሠልጣኙ ሳያውቀው ተረከዞቹን ወደ 62 ሴንቲሜትር፣ እጆቹን ወደ 70 ሴንቲሜትር ከፍቷል። ክብደት ሲጨምር ሰው ይህን የሚያደርገው በደመ ነፍስ ነው፤ ሰፊ መሠረት የተሻለ ሚዛን ይሰጣልና። እግር ሲከፈት ግን ዳሌ ይወርዳል፣ እጅ ሲከፈት ደግሞ ባሩ ይወጣል። ሁለቱ ከሁለት አቅጣጫ ክፍተቱን ይበሉታል። በእሱ የሰውነት ልክ እግሩን ከ40 ወደ 62 መክፈቱ ወደ 2 ሴንቲሜትር፣ እጁን ከ50 ወደ 70 መክፈቱ እንደገና ወደ 2 ሴንቲሜትር ገደማ አስከፈለው። የቀረው ዜሮ ነው።

መፍትሔው መሬት ላይ ሁለት የማጣበቂያ ፕላስተር ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተረከዝ አንድ። ፕላስተሩ ላይ ተረከዝ ካላረፈ ባር አይያዝም። ብሽሽትን ለመጠበቅ ትንንሽ ፕሌት (በባሩ ጫፍ የሚገባው ክብ ክብደት) መጫን ይሻላል የሚል ምክር በጂም ውስጥ ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። 45 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መደበኛ ፕሌት ሲጫን የባሩ መሃል ከመሬት 22.5 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። ትንሽ ፕሌት መነሻውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ጉዞውን ያረዝመዋል፤ ላይ ስትቆም ባሩ የሚደርስበት ቦታ ግን የሚወሰነው በክንድህና በእግርህ ርዝመት፣ እንዲሁም በከፈትካቸው ልክ ነው።

4ኛው ሳምንት፣ 90 ኪሎ። በቀኝ እግር ቀድሞ ደህና ሄደ። በግራ እግር ሲቀድም የባሩ አንድ ጫፍ ቀድሞ ይነሳል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ሲወርድም አንዱ ፕሌት ደፍ ይልና ሌላው ይከተለዋል። ሠልጣኙ የጎን ሆዱ ደካማ ስለሆነ ነው ብሎ ደመደመ፤ እንዲያውም የጎን ሆድ ልምምድ ሊጨምር ነበር። ስልክ ከባሩ ትይዩ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ በጉልበት ከፍታ ተቀምጦ ሲቀረጽ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እጆቹን ሲያስቀምጥ ያመጣጠነው ከሰውነቱ አንጻር ነው እንጂ ከባሩ አንጻር አይደለም፤ የእጆቹ መሃል ከባሩ መሃል በ4 ሴንቲሜትር ስቷል።

4 ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል። እጆች በ50 ሴንቲሜትር ተራርቀው 90 ኪሎ ሲያዝ፣ መሃሉ በ4 ሴንቲሜትር ከሳተ አንዱ እጅ 52 ኪሎ ሌላው 38 ኪሎ ይሸከማል። የ14 ኪሎ ልዩነት ነው። እጆች በሰፊው ቢያዙ ኖሮ፣ በ70 ሴንቲሜትር፣ ያው ስህተት ወደ 10 ኪሎ ይወርድ ነበር። የጄፈርሰን እውነተኛ ውጥረት እዚህ ላይ ነው፦ ጠባብ አያያዝ ብሽሽትን ያድናል፣ ስህተትን ግን ያጎላል፤ ሰፊ አያያዝ ስህተትን ይቅር ይላል፣ ብሽሽትን ግን አይምርም። ለዚህ ሠልጣኝ ጠባቡ ተመረጠ፤ ስለዚህ ልኬቱ መጥበቅ ነበረበት።

ልኬቱ የሚገኘው ባሩ ላይ ካሉት ቀለበቶች ነው። በሸካራው የባር ክፍል ላይ ለስለስ ብለው የሚታዩት መስመሮች በፓወርሊፍቲንግ ባር ላይ በ81 ሴንቲሜትር፣ በኦሊምፒክ ክብደት ማንሻ ባር ላይ በ91 ሴንቲሜትር ይራራቃሉ። ይህ ጂም ያለው ባር ባለ 81 ነው። እጆች በ50 እንዲራራቁ ከተፈለገ የእያንዳንዱ እጅ መሃል ከቀለበቱ 15.5 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሠልጣኙ በጠመኔ ሁለት ነጥብ አደረገ፣ መካከለኛ ጣቱን ነጥቡ ላይ አሳረፈ። በሚቀጥለው ዙር ሁለቱ ጫፎች አብረው ተነሱ፤ የጎን ሆድ ልምምዱም ቀረ።

ይህ ማዘንበል ከሌላ ነገር ጋር መምታታት የለበትም። አንድ ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ ጥፋቱ የእጅ ቦታ ነው። ባሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እጅ በአግድም ሲዞር ግን ጥፋቱ የእግር ግፊት ነው፦ ከሁለቱ እግሮች አንዱ ከሌላው በላይ ሲገፋ ዳሌ ይዞራል፣ ባሩም ይከተለዋል፣ ብረቱም የአንደኛውን ጭን ውስጠኛ ገጽ ይፍቃል። ሁለተኛው በእሱም ላይ ታይቷል። በግራ እግር ሲቀድም የባሩ ጫፍ በመነሻው ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይወዛወዝ ነበር። ለዚህ የረዳው መጀመሪያ ባሩን ሳያነሱ ማስጨነቅ ነው፤ ክንድ ተወጥሮ፣ ባሩ ትንሽ እስኪጎብጥ ድረስ ተስቦ፣ ክብደቱ በሁለቱም ተረከዝ እኩል መሰማቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይነሳል። ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ይበቃል። ነጥቆ ማንሳት በተለመደው ዴድሊፍትም ጥሩ አይደለም፤ በጄፈርሰን ግን ወዲያውኑ ይቀጣል።

5ኛው ሳምንት፣ 97.5 ኪሎ። የኋላውን እጅ ትከሻ ከፊት በኩል ያመው ጀመር፣ በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ነበር። ደረቱ ዳሌውን ተከትሎ ወደ ባሩ ጫፍ ሲዞር የኋላው እጅ ከጀርባ ዞሮ እንዲይዝ ይገደዳል፣ ትከሻውም ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ይጎተታል። ደረቱን ከባሩ ጋር ፊት ለፊት ወደነበረበት አቅጣጫ መለስ ማድረግ፣ ማለትም ሁለቱ ትከሻዎች በባሩ መስመር ላይ ለመሰለፍ እንዲቃረቡ ማድረግ፣ ሕመሙን በአንድ ሳምንት አስወገደው። ያልተጠበቀ ጥቅምም መጣ፦ ትከሻዎች በባሩ መስመር ሲሰለፉ ክንዶች ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ ባሩ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ በብሽሽት በኩል ያለው ክፍተት ሰፋ። ዞረቱ ግን ከእግር አቀማመጥ መምጣት አለበት። እግር ሳይዞር ወገብን ብቻ አጣሞ ትከሻን ማሰለፍ ወገብን ከሸክም ጋር መጠምዘዝ ነው፤ ለወገብ ተብሎ የተጀመረ ነገር ወገብን መልሶ እንዲያምስ የሚያደርግ ሌላ መንገድ አይገኝም።

6ኛው ሳምንት እረፍት ነበር፤ 70 ኪሎ፣ 2 ዙር ብቻ። ከዚያ 102.5፣ 110፣ በ9ኛው ሳምንት 115 ኪሎ፣ ድግግሞሹ ወደ 5 ዝቅ ብሎ። ስለነዚህ ሳምንታት ብዙ የሚባል የለም። ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብቻ፦ መሃሉ ላይ ሸካራ የሆነ ባር ጭንን ስለሚልጥ ረጅም ሱሪ ግድ ነው፤ ቀበቶ ደግሞ ከ100 ኪሎ በላይ ተሞክሮ ተትቷል፣ ቁጭ ሲል ከጎድን አጥንቱ ሥር እየወጋ ትንፋሽ ከለከለው።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀኝ እግርና በግራ እግር መካከል የነበረው ልዩነት ለ6 ድግግሞሽ ወደ 10 ኪሎ ይገመት ነበር፤ ግራ ቀድሞ ሲቆም ደካማ ነው። በ9ኛው ሳምንት ወደ 5 ኪሎ ወረደ። ዜሮ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ከጉልበት ይልቅ ከልምድ የሚመጣ ስለሚሆን።

በ10ኛው ሳምንት፣ ከመጨረሻው ጄፈርሰን 4 ቀን በኋላ፣ የተለመደው ዴድሊፍት ተፈተነ። 145 ኪሎ 5 ጊዜ ወጣ። ከክብደቱ ይልቅ ትኩረት የሚሻው አነሳሱ ነው፤ በ5ኛው ድግግሞሽ ላይ ዳሌው ከትከሻው ጋር አብሮ ተነሳ፣ ወገቡ መነሻው ላይ የነበረውን ቅርጽ ሳይለቅ ጨረሰ። በማግስቱ ጠዋት ለድርቀቱ የሰጠው ነጥብ 2 ነበር። ስኳቱ አልተለወጠም።

ይህን አይቶ ጄፈርሰን ወገብ ይፈውሳል ማለት ይቀናል። አይባልም። በእነዚህ 9 ሳምንታት ሠልጣኙ ከ110 ኪሎ በላይ የሆነ የተለመደ ዴድሊፍት አንድም ጊዜ አልነካም። ለ8 ወር በየሳምንቱ 140 ኪሎ ሲሸከም የነበረ ወገብ ለ9 ሳምንት ሲያርፍ፣ በዚህ መሃል ምንም አዲስ ነገር ባይሠራ እንኳ መሻሻሉ አይቀርም። የሐሙሱ ቀላል ክብደትም በራሱ ትምህርት ነበር፤ በ105 ኪሎ ጥርት ብሎ የተሠራ 15 ድግግሞሽ በየሳምንቱ አነሳሱን ያርማል። የትኛው ምን ያህል እንደረዳ ከአንድ ሰው ጉዳይ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የሚቀጥሉት 3 ሳምንታት ሆን ተብሎ ለማጣሪያ ዋሉ። ጄፈርሰን ቆመ፣ የተለመደው ዴድሊፍት ወደ ቀድሞው ክብደቱና ወደ ቀድሞው ብዛቱ ተመለሰ፦ 140 ኪሎ፣ 3 ዙር በ5፣ በሳምንት አንድ ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋቱ ነጥብ 2፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 4። አነሳሱ ግን እንደ በፊቱ አልተበላሸም፤ በሦስተኛው ሳምንትም ዳሌው ቀድሞ አልተነሳም። ድርቀቱ የሚከተለው የከባድ ቀኖችን ብዛት ይመስላል፤ ያ በአብዛኛው የእረፍት ጉዳይ ነው። አነሳሱ መቆየቱ ግን የፊት ጭኑ መጠንከርና መሬትን በእግር የመግፋት ልማድ ውጤት ሳይሆን አይቀርም፤ ጄፈርሰን ላይ ወገብ ብድግ ብሎ የሚያድንበት መንገድ ስለሌለ ሰው ሳይወድ በግዱ በእግሩ መግፋት ይማራል።

ከዚያ በኋላ የተያዘው አሠራር መካከለኛ ነው። ከባዱ የተለመደ ዴድሊፍት በየ10 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ከ135 እስከ 145 ኪሎ፣ 2 ዙር በ4። በመሃሉ በሚውለው ቀን ጄፈርሰን ከ90 እስከ 100 ኪሎ፣ 4 ዙር በ6፣ ከዚያ በላይ አይጫንም። 115 ላይ የደረሰ ሰው ለምን በ100 ይገታል ቢባል፣ ከ105 በላይ ሲሆን ለእግር የሚጨምረው ጥቂት ሆኖ ሳለ የእጅ ቦታ ስህተት ዋጋው አብሮ ስለሚከብድ ነው። ይህን አነሳስ እንደ ውድድር ማሳደድ ትርጉሙ ለዚህ ሠልጣኝ አልታየንም።

ተመሳሳይ ነገር መሞከር የማይገባቸውም አሉ። የዳሌ መገጣጠሚያው ቁጭ ሲል ከፊት በኩል የሚቆነጥጠው ሰው፣ የብሽሽት ወይም የሆድ ግድግዳ መውጣት (ሄርኒያ) ያለበት፣ የውስጥ ጭን ጉዳት ገና ያላገገመለት፣ በእንጨቱ ልኬት 3 ሴንቲሜትር ያላገኘ፣ እና ተራው ስኳት ገና ያልተስተካከለለት ጀማሪ። የመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ ጀማሪ ግን ሁለት ጎን እኩል የሆነ እንቅስቃሴ ሳይለምድ ሁለት ጎኑ የተለያየውን ሲጀምር ስህተቱን ከአነሳሱ ለይቶ ማየት ይቸግረዋል።

ሠልጣኙ አሁንም በግራ እግር ቀድሞ ሲቆም በመጀመሪያው ድግግሞሽ የባሩ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይወዛወዝበታል፤ ከ2ኛው ጀምሮ ይረጋል። መሬት ላይ ያለው ፕላስተር ተነቅሎ በቀለም ተተክቷል።